የግሪድ ስፋትና የከተማ አየር ጥራት ሞዴል ትክክለኛነት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች የደሴንና የኮምቦልቻን አየር በሞዴል ለማጥናት በሚነሱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ በጤና ባለሙያዎችና በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ዘወትር የሚነሱ ናቸው። አብዛኞቹ ዞረው ዞረው «ግሪዱን ባጠበብሁት ቁጥር ውጤቱ ወደ እውነቱ ይቀርባል ወይ?» ወደሚለው ይመለሳሉ። እስከ አንድ ደረጃ ድረስ አዎ፤ ከዚያ ካለፈ ግን አይቀርብም። ያ ደረጃ የት ላይ እንደሚገኝ የሚወስኑት ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጉልበት ይልቅ የመሬቱ አቀማመጥና በእጃችን ያለው የልቀት መረጃ ናቸው።

የግሪድ ስፋት ሲባል ምን ማለት ነው?

የአየር ጥራት ሞዴል ከተማውንና ዙሪያውን በእኩል ካሬዎች ይከፋፍላል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ላይም አየሩን ከመሬት ወደ ላይ በንብርብር ይደረድረዋል። በአንድ ካሬ፣ በአንድ ንብርብር ውስጥ ያለው ጭስ፣ አቧራም ሆነ ጋዝ ለሞዴሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። የካሬው የአንድ ጎን ርዝመት የግሪድ ስፋት ይባላል። ስፋቱ 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ ሞዴሉ ለ100 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት፣ ለእያንዳንዱ በካይ ንጥረ ነገር፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ከዚህ በታች «ሰፊ ግሪድ» የምንለው ካሬዎቹ ትልልቅ የሆኑበትን፣ «ጠባብ ግሪድ» የምንለው ደግሞ ትንንሽ የሆኑበትን ነው።

ስልኬ ላይ «የደሴ የአየር ጥራት» ተብሎ የሚወጣው ቁጥር ከየት የመጣ ነው?

መተግበሪያዎች በአቅራቢያቸው የመለኪያ ጣቢያ ካላገኙ ብዙውን ጊዜ ወደ ዓለም አቀፍ ሞዴሎች ይዞራሉ። የአውሮፓው ኮፐርኒከስ የከባቢ አየር ክትትል አገልግሎት የሚያወጣው የዓለም ትንበያ 0.4 ዲግሪ፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የግሪድ ስፋት አለው፤ ያለፉትን ዓመታት የሚሸፍነው መረጃው ደግሞ 0.75 ዲግሪ ወይም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የናሳ ዓለም አቀፍ የከባቢ አየር ቅንብር ትንበያ ጠበብ ብሎ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

አሁን መሬት ላይ ያለውን እንመልከት። ደሴና ኮምቦልቻ በሀረጎ ቁልቁለት በሚጠማዘዘው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም፣ በቀጥታ መስመር ግን በመካከላቸው ያለው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በ40 ኪሎ ሜትር ግሪድ ሁለቱም አንድ ካሬ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሞዴሉ ግን የሚያውቀው የካሬውን አማካይ ከፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ የጦሳን ተራራ፣ የቦርከናን ሸለቆና የኮምቦልቻን ሜዳ ጨፍልቆ ማንም የማይኖርበትን አንድ ዝርግ መሬት ይፈጥራል። ቁጥሩ ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም፤ ከአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች የሚነሳ አቧራ ሰፊውን አካባቢ ሲሸፍን በደንብ ሊያሳይ ይችላል። በደሴ ውስጥ በሰኞ ገበያና በፒያሳ ሰፈሮች መካከል ስላለው ልዩነት ግን የሚነግረን ነገር የለም፤ የሁለቱን ከተሞች ልዩነት እንኳ አያሳይም።

ሰፊ ግሪድ ስሕተት የሚያመጣው በምን በምን መንገድ ነው?

በሦስት መንገድ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መበረዝ ነው። 1 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ የሚይዘው ቦታ 20,000 ካሬ ሜትር ነው። በዚያ መንገድ ላይ የወጣውን ጭስ የ1 ኪሎ ሜትር ግሪድ በቅጽበት በአንድ ሚሊዮን ካሬ ሜትር ላይ ይበትነዋል፤ ይህም ከትክክለኛው ቦታ 50 ጊዜ የሚሰፋ ነው። ግሪዱ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ያው ጭስ 5,000 ጊዜ በሚሰፋ ቦታ ላይ ይዘረጋል። የመኪና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከመንገዱ ዳር በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ወደ አካባቢው መደበኛ መጠን የሚወርድ በመሆኑ፣ መንገድ ዳር ቆመው የሚውሉ ሰዎች የሚተነፍሱት አየር በሰፊ ግሪድ ላይ ጨርሶ አይታይም።

ሁለተኛው ኬሚስትሪው ነው። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞንን ያጠፋል፤ ስለዚህ ተሽከርካሪ በበዛበት መንገድ ኦዞን ዝቅ፣ ከከተማ ወጣ ሲባል ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። ሰፊ ግሪድ ግን ናይትሪክ ኦክሳይዱን በስስ በትኖ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያዳርሰው፣ መሐል ከተማ ላይ ከእውነተኛው የበለጠ ኦዞን ያሳያል። ይህ ስሕተት ከመበረዙ የሚለይበት ነገር አለ፦ ዝም ብሎ ቁጥሩን ዝቅ ከማድረግ አልፎ የለውጡን አቅጣጫ ሊያዛባ ይችላል። የተሽከርካሪ ጭስ ቢቀነስ ኦዞን ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል ለሚለው ጥያቄ ሰፊና ጠባብ ግሪድ የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ፖሊሲ የሚያወጣ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢወስን አደጋው ቀላል አይሆንም።

ሦስተኛው የነፋስና የመሬት አቀማመጥ ጉዳይ ነው፤ ለወሎ ዋነኛው እሱ ስለሆነ ቀጥሎ ለብቻው ተመልሷል።

የደሴ ተራራማነት ለግሪድ ምርጫ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ እንዲያውም እዚህ አገር የግሪድ ጥያቄ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ደሴ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል በኩል ባሉት ከፍታዎች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። በበጋ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል፤ የቀዘቀዘውም አየር ስለሚከብድ በጦሳ ግርጌ ወደ ሸለቆው ይወርድና ከሥር ይተኛል። ከላይ ያለው አየር ከታችኛው የሞቀ ስለሚሆን ጭሱ ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ያጣል። ጎህ ሲቀድ ምጣድ ይጣዳል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ሚኒባስና ባጃጅ ይነሳሉ፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ፀሐይ የምሥራቁን ተረተር ተሻግራ ሸለቆውን ገና ሳታሞቅ ነው። በዚያ ሰዓት ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ጭሱ ከጣሪያዎቹ በላይ በአንድ መስመር ተቆርጦ ተንጣሎ ይታያል፤ ከመስመሩ በላይ አየሩ ጥርት ያለ ነው። ረፋድ ላይ መሬቱ ሲሞቅ መስመሩ ይፈርስና ነፋሱም አቅጣጫውን ቀይሮ ሽቅብ ይነፍሳል።

ሞዴሉ ይህን ለማሳየት ሸለቆውን ማወቅ አለበት። በ10 ኪሎ ሜትር ግሪድ ሸለቆውም ተራራውም የሉም፤ ስለዚህ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስም ሆነ የሚታቆረው ቀዝቃዛ አየር አይኖርም። በዚህ የተነሳ ሞዴሉ የማለዳውን ጭስ ቶሎ በትኖ ደሴን ከእውነቱ የተሻለ ንጹሕ አየር ያላት አድርጎ ያቀርባታል። ሌላም አለ፦ ከፍታው በአማካይ ሲወሰድ የሙቀት መጠኑም አብሮ ይዛባል። አየር በአማካይ በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የ650 ሜትር ልዩነት ብቻውን 4 ዲግሪ ገደማ ይሆናል።

ታዲያ 1 ኪሎ ሜትር ይበቃል?

ለኮምቦልቻ ሜዳ በአብዛኛው ይበቃል፤ ለደሴ ሸለቆ ግን ገና ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ሞዴል በአግባቡ ሊያሳየው የሚችለው ነገር ከግሪዱ ስፋት ብዙ እጥፍ መሆኑን ነው። ደብልዩአርኤፍ የተባለው በስፋት የሚሠራበት የአየር ጠባይ ሞዴል አንድን የነፋስ ቅርጽ በትክክል የሚይዘው ከግሪዱ ስፋት ሰባት እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። በ1 ኪሎ ሜትር ግሪድ ይህ 7 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የደሴ ሸለቆ ግን ወርዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ከዚህ በታች መውረድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከ1 ኪሎ ሜትር እስከ 100 ሜትር ባለው ክልል ሞዴሉ ትልልቆቹን የአየር ሽክርክሪቶች በከፊል ራሱ መፍጠር ይጀምራል፤ ሽክርክሪቶቹን በግምት የሚተካው ቀመርም አብሮ ስለሚሠራ አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ባለሙያዎች ግራጫው ክልል የሚሉት ይህንኑ ነው። በተጨማሪም ግሪዱ በጠበበ ቁጥር የጦሳ ቁልቁለት በሞዴሉ ውስጥ እየሾለ ይሄዳል፤ የሞዴሉ ንብርብሮች የመሬቱን ቅርጽ ተከትለው የሚታጠፉ በመሆናቸው፣ ተዳፋቱ እጅግ ሲሾል ስሌቱ ይናጋል አልፎም ይቋረጣል። ይህን ለማስቀረት ተራራውን በስሌት ማለስለስ የተለመደ ነው፤ ከመጠን በላይ ሲለሰልስ ግን ግሪዱን ማጥበብ ያስፈለገበት ምክንያት ራሱ ይጠፋል።

አንድ ተግባራዊ ማሳሰቢያ፦ ደብልዩአርኤፍ ከራሱ ጋር የሚመጣው የከፍታ መረጃ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የጠበበ ግሪድ የሚጠቀም ሰው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተሰበሰበውን የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ መተካት ይኖርበታል። አለዚያ 300 ሜትር ግሪድ ላይ የሚያየው ተራራ ያው የ1 ኪሎ ሜትሩ ነው።

የልቀት መረጃው ሰፊ ከሆነ ግሪዱን ማጥበብ ምን ይጠቅማል?

ለነፋሱ ይጠቅማል፤ ለበካዩ ስርጭት ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ኤድጋርን የመሳሰሉ ዓለም አቀፍ የልቀት መዝገቦች 0.1 ዲግሪ፣ በእኛ ኬክሮስ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ካሬ ይጠቀማሉ። ሞዴሉ በ1 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የአንዱ የመዝገብ ካሬ ልቀት ወደ 120 በሚጠጉ የሞዴል ካሬዎች ይከፋፈላል፤ በእኩል ከተከፋፈለ ደግሞ ፒያሳና ሰው የማይኖርበት የጦሳ ገደል እኩል ይጨሳሉ። የዓይኑ ጥበት ያልተፈጨውን እህል ዱቄት እንደማያደርግ ወንፊት፣ ጠባብ ግሪድም ያልተሰበሰበን መረጃ አይፈጥርም።

መፍትሔው ልቀቱን ተጨባጭ በሆነ ምልክት መደልደል ነው። የቤት ማገዶ ጭስ በሕዝብ ብዛት፣ የመኪናው በመንገድ ካርታ፣ የፋብሪካው ደግሞ በትክክለኛው ቦታና በጭስ ማውጫው ቁመት ይደለደላል። በእኔ እምነት ወሎ ውስጥ ከፍተኛው ጥቅም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ኮምቦልቻን እንውሰድ፦ የአዲስ አበባ፣ የደሴና በባቲ አልፎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት እዚያ ሲሆን፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ነባሮቹ ፋብሪካዎችም እዚያው ናቸው። የጂቡቲ ጭነት የያዙ ከባድ መኪኖች የሚያልፉበትን መንገድ ዓለም አቀፍ መዝገብ ከባጃጅ መንገድ ለይቶ አያውቅም። በመገናኛው ላይ ቆሞ፣ በየሰዓቱ የሚያልፈውን በዓይነት ለይቶ የቆጠረ ተማሪ ከየትኛውም ትልቅ ኮምፒውተር የበለጠ ለሞዴሉ ትክክለኛነት ያበረክታል። ቆጠራው ቀንና ሌሊትን፣ የገበያ ቀንንና ሌላውን ቀን ለይቶ ቢያዝ ደግሞ የሰዓት ድልድሉም ይስተካከላል፤ ልቀት መቼ እንደሚወጣ አለማወቅ የት እንደሚወጣ ካለማወቅ ያላነሰ ስሕተት ያመጣልና።

የቤት ማገዶ ከዚህ ይከብዳል። ማን እንጨት፣ ማን ከሰል፣ ማን ኩበት፣ ማን ኤሌክትሪክ እንደሚጠቀም ከሰፈር ሰፈር፣ መብራት ባለበትና በጠፋበት ቀንም ይለያያል። በናሙና የሚደረግ የቤት ለቤት ጥያቄ ለጊዜው የተሻለው አማራጭ ነው።

ግሪድ ማጥበብ ኮምፒውተሩን ምን ያህል ያደክመዋል?

ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ የካሬዎቹ ቁጥር አራት እጥፍ ይሆናል፤ ነፋሱ በአንድ የስሌት እርምጃ ካሬውን ዘልሎ እንዳያልፍም የጊዜ እርምጃው በግማሽ ማጠር አለበት። ስለዚህ ድካሙ ስምንት እጥፍ ነው። ደሴንና ኮምቦልቻን የሚሸፍን 40 በ40 ኪሎ ሜትር ቦታ በ1 ኪሎ ሜትር ግሪድ 1,600 ካሬዎች፣ በ100 ሜትር 160,000 ካሬዎች ይኖሩታል። የጊዜ እርምጃው አሥር እጥፍ ሲያጥር ድካሙ ሺህ እጥፍ ይደርሳል፦ በአንድ ሰዓት ያለቀ ስሌት ወደ 42 ቀን ይወስዳል ማለት ነው።

የንብርብሩ ውፍረትስ አይታሰብም?

ይታሰባል፤ ችላ መባሉ የሚያሳዝን ነው። በቀዝቃዛ ሌሊት ጭሱ የሚታቆርበት የአየር ክፍል ከመሬት ጥቂት አሥር ሜትሮች ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። የሞዴሉ የመጀመሪያ ንብርብር 60 ሜትር ውፍረት ካለው፣ ጎኑ 300 ሜትር ቢሆንም የማለዳውን ጭስ እጥፍ ድርብ ይበርዘዋል። ጎኑን ያጠበበ ሰው የታችኞቹን ንብርብሮች ቢያንስ ወደ 20 ሜትር ማውረድ ይኖርበታል።

ግሪዱን ካጠበብሁ በኋላ ከመለኪያው ጋር ያለው ልዩነት የባሰው ለምንድን ነው?

ይህ ብዙ ተማሪ ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው፤ ሞዴሉ ግን ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ጠባብ ግሪድ የጭሱን ደመና በትክክለኛ ቅርጹና ጥንካሬው ፈጥሮ፣ ቦታውን በሁለት ኪሎ ሜትር ወይም ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ብቻ ቢስት ሁለት ጊዜ ይቀጣል፦ ጭስ ባለበት ቦታ ስላላሳየ አንድ፣ ጭስ በሌለበት ስላሳየ ሁለት። ሰፊው ግሪድ ደግሞ ሁሉን አለስልሶ መካከለኛ ቁጥር ስለሚሰጥ በነጥብ ለነጥብ ንጽጽር የተሻለ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ንጽጽሩን በአንድ ካሬ ብቻ ሳይወስኑ የዙሪያ ካሬዎችን ማየት፣ የየሰዓቱን ከፍና ዝቅ ቅርጽ መመልከት፣ የወር አማካዩንም አብሮ ማመሳከር ያስፈልጋል።

ሌላው ምክንያት መለኪያው ራሱ የሚወክለው ቦታ ነው። በአስፋልት ዳር የተሰቀለ መሣሪያ የመንገዱን ዳር ይለካል፤ ሞዴሉ የሚሰጠው ግን የመላውን ካሬ አማካይ ነው። ሁለቱ ቢለያዩ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ብናኝን በብርሃን የሚለኩ ርካሽ ዳሳሾችን የሚጠቀም ሰው ደግሞ አየሩ እርጥብ በሆነበት ማለዳና በክረምት ወራት መሣሪያው ደቃቁን ብናኝ አጋኖ እንደሚያነብ አውቆ ማረም አለበት።

የሳተላይት መረጃ የግሪዱን ጉዳይ አይፈታውም?

በከፊል ብቻ ነው። ትሮፖሚ የተባለው መሣሪያ ከነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን በ3.5 በ5.5 ኪሎ ሜትር ካሬ ያያል፤ ይህም ደሴን ከኮምቦልቻ ለመለየት ይበቃል። ነገር ግን የሚያልፈው በቀን አንድ ጊዜ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት የማለዳው ጭስ ተበትኗል። በዚያ ላይ የሚለካው ከመሬት እስከ ሰማይ ያለውን ጠቅላላ ዓምድ እንጂ በአፍንጫችን ከፍታ ያለውን ብቻ አይደለም።

ኤርሞድን የመሰለ ቀላል ሞዴል ብጠቀምስ?

ኤርሞድ ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ጭስ በነፋስ እንዴት እንደሚሰራጭ በቀመር የሚያሰላ ሞዴል ነው። ለአንድ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ወይም ለአንድ መንገድ በጣም ተስማሚ ነው፤ ካሬ ስለማይጠቀም መበረዝ የሚባል ችግር የለበትም። ደካማ ጎኑ ግን ነፋስ በሌለበት ሰዓትና ነፋሱ በሸለቆ ውስጥ በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ይህ ደግሞ የደሴ ሌሊት መገለጫ ነው። በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ከደሴ ይልቅ እምነት ይጣልበታል። ከሰፊ ሞዴል ጋር አጣምሮ መጠቀምም ይቻላል፤ ሰፊው ከሩቅ የመጣውን፣ ኤርሞድ ደግሞ የቅርቡን ያሰላሉ። ሲጣመሩ የከተማው ልቀት በሁለቱም እንዳይቆጠር ጥንቃቄ ያሻል።

እንግዲያው ለደሴና ለኮምቦልቻ ጥናት በየትኛው ግሪድ ልጀምር?

ከ27 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 1 ኪሎ ሜትር እየጠበቡ የሚካተቱ አራት ግሪዶችን እመርጣለሁ። ውጫዊው ከአፋርና ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጣውን አቧራ ይይዛል፤ ውስጠኛው ሁለቱን ከተሞችና የሐይቅ ከተማን ይሸፍናል። ለደሴ ሸለቆ ብቻ ወደ 300 ሜትር መውረድ የሚገባው የ1 ኪሎ ሜትሩ ውጤት ከመለኪያ ጋር ተመሳክሮ፣ ልቀቱም በሰፈር ደረጃ ተደልድሎ ካበቃ በኋላ ነው። ደቃቁን ብናኝ የሚያጠና ሰው ከሩቅ የሚመጣው ድርሻ ሰፊ በሆነበት ወቅት ግሪድ ቢያጠብም ብዙ ለውጥ አያይም፤ የመኪና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ለሚያጠና ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ውጤቱን ለጤና ጥናት ልጠቀምበት እችላለሁ?

ይቻላል፤ ንጽጽሩ ግን በካሬ አማካይ ሳይሆን በሕዝብ ብዛት በተመዘነ አማካይ መሆን አለበት፤ ሰው የማይኖርበት ተራራ ንጹሕ አየር የከተማውን ቁጥር ያሳሳዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያሻሻለው መመሪያ ለፒኤም 2.5፣ ማለትም ለደቃቁ ብናኝ፣ የዓመት አማካይ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓት ደግሞ 15 ማይክሮግራም ነው። የዓመቱን መጠን ለመገመት የ1 ኪሎ ሜትር ግሪድ በቂ ሊሆን ይችላል፤ የ24 ሰዓቱን የሚያሻቅቡት ግን የማለዳ ሰዓታት ስለሆኑ ግሪዱም ንብርብሩም ጠበብ ማለት አለባቸው።

ሞዴሉ ማዕድ ቤት ውስጥ ያለውን ጭስ ያሳያል?

አያሳይም፤ የቱንም ያህል ግሪዱ ቢጠብ እነዚህ ሞዴሎች የሚያሰሉት የደጅ አየርን ነው። እንጀራ ስትጋግር የምትውል እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን የሚተነፍሱት ጭስ ከደጁ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል፣ የጤና ጥናት የሚያደርግ ሰው የቤት ውስጡን በመሣሪያ ለብቻው መለካትና ከሞዴሉ ውጤት ጋር ሳያደባልቅ ማቅረብ ይኖርበታል።